ቪትዜ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለው፣ ዲናሞ ቀይሪ ተባልኩ

የአዘዞዋ፦

ሰላም ጎንደሬዎች እንዴት ናችሁ፣ መኪና የምታውቁ እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። ያለኝ የ2001 ሞዴል ቪትዝ ነው፣ ኦቶማቲክ፣ አንድ ሺ ሲሲ። ቤቴ አዘዞ ስራዬ ማራኪ ስለሆነ በየቀኑ ሽቅብ ቁልቁል ነኝ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ሳስነሳው ዊይይይይ ብሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል፣ መብራት ሳበራ ወይ ከግቢ ለመውጣት መሪውን ሙሉ ሳዞር ደግሞ ይመለሳል፣ ከሞቀ በኋላ ግን የለም።

የበለጠ ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነው። ማታ ወደ አዘዞ ስወርድ ከፊት በግራ ጎማ በኩል ቀጭን ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አለ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር አይነት ነው፣ ፍጥነት ስጨምር እሱም ይፈጥናል። የገረመኝ ደግሞ ፍሬኑን ነካ ሳደርገው ጸጥ ይልና ስለቀው ይመለሳል። ፍሬን ስይዝ ቢጮህ ፍሬን ነው እል ነበር፣ ስይዝ የሚጠፋ ድምፅ ግን የምን ነው?

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አስነስቶ ትንሽ ሰማና ዲናሞው ሄዷል ይቀየር አለኝ፣ ዋጋውን ሲነግረኝ ክው ነው ያልኩት። ለጊዜው ብሎ ደግሞ ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ የልብስ ሳሙና አሸበት፣ ትንሽ ጊዜ ዝም አለና ከበፊቱ ብሶበት መጣ። ስለጎማው ስጠይቀው አቧራ ነው አለኝ፣ ጎማውን አላወለቀውም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚሁ መኪና ነው፣ እስከዛ መንዳት ይቻላል ወይ? ዲናሞ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ነው? የምታውቁ እርዱኝ በናታችሁ

ጋሽ ካቻቪቴ፦

እህቴ ዲናሞ እንዳትገዢ፣ ቢያንስ ገና አትግዢ። እንዳልሽው ከሆነ ሁለቱ ድምፆች አይገናኙም፣ አንዱ ከሞተር ነው አንዱ ከጎማ። ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ነው የጨረስኩት እና በዚህ ስራ ከሁሉ የሚያናድደኝ ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ዕቃ ማዘዝ ነው። ኮፈን ስር ድምፅ ከብረት ወደ ብረት እየዘለለ ይሄዳል፣ አንዱ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) ላይ የተነሳው ዲናሞው ላይ ሆኖ ይሰማል፣ ስለዚህ ከየት መጣ ከማለት በፊት መቼ መጣ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ፒ ላይ ቆመሽ ነዳጅ ስትሰጪው አብሮ ከፍ ካለ የሞተር ነው። ቆሞ ምንም የሌለው መኪና ሲንከባለል ብቻ ከጮኸና ከጎማው ፍጥነት ጋር ከሄደ የፍሬን ወይ የጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። አንቺ ይሄን ለይተሽ ነው የጻፍሽው፣ ጎበዝ።

የጠዋቱን እንየው። ሲነሳ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪ ብዙ ይወስዳል፣ ሞተሩ እንደተነሳ ዲናሞው የተወሰደውን ለመመለስ በጉልበት ይሰራል፣ ያኔ እሱን ማዞር ይከብዳል። ቺንጋው ላላ ካለ ወይ ጥርሱ ካለቀ፣ በዛ ላይ የክረምቱ እርጥበት ካገኘው፣ ፑሊው ላይ ይንሸራተታል፣ ዊይይይ የሚለው እሱ ነው። ባትሪው ሲሞላና ቺንጋው ሲደርቅ ይተዋል። መብራት ስታበሪ የሚመለሰውም ለዚሁ ነው። መሪውም እንደዛው፣ አብዛኛው ቪትዝ መሪው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ሙሉ ስታዞሪ ያ ሞተር ከዲናሞው ብዙ ይጠይቃል። ዲናሞው ስራውን ሊሰራ ሲል ቺንጋው ነው የሚከዳው።

ሳሙና ቺንጋ ላይ አይደረግም። ሰምም፣ ግሪስም፣ ዘይትም አይደረግም፣ ሱቅ የሚሸጠው ስፕሬይም ቢሆን ድምፁን ለጊዜው ይደብቃል እንጂ አያድንም። ሳሙናው አቧራ ይይዛል፣ የኛን አገር አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጥርሱ መሃል ገብቶ ይደርቅና ፊቱን እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል፣ ከዛ ጭራሽ ይንሸራተታል። ብሶበት የመጣው ለዛ ነው።

አሁን ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ልንገርሽ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ ቺንጋው በሁለት ፑሊ መሃል ረዘም ብሎ የተወጠረበትን ቦታ በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። አንድ ሳንቲ ገደማ ከገባ ደህና ነው፣ ሁለት ሳንቲ ከገባ ላልቷል። ከዛ በስልክሽ መብራት ጥርስ ያለበትን ፊት እዪው፣ ከተሰነጠቀ፣ ከተቦጨቀ፣ ጎኑ ከተበላ ወይ ካብለጨለጨ ማጥበቅ አያድነውም። አሁን አሁን የሚመጡት ቺንጋዎች ሳይሰነጠቁም ያልቃሉ፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ቦይ እየሰፋ ይሄዳል፣ በዓይን ግን ደህና ይመስላሉ። ዘይት ወይ የራዲያተር ውሃ ነክቶት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈሰው ይዘጋ፣ አለዚያ አዲሱም አይቆይም።

ጠዋት እየጮኸ እያለ ደግሞ የውሃ ሙከራ አድርጊ። ነጠላሽን አውልቂ፣ ጸጉርሽን ጠቅልለሽ እሰሪው፣ እጅሽን ወደ ቺንጋው አታስጠጊ። በምትረጭ ትንሽ ጠርሙስ ጥርስ ባለው በኩል ጥቂት ውሃ ርጭት አድርጊበት። ድምፁ ከጨመረ ላልቷል ማለት ነው። ጠፍቶ ቆየት ብሎ ከተመለሰ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር አይደሉም፣ አንዱ ጠሟል፣ የዚህኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ ረጅም ሳይሆን ጭር ጭር ጭር እያለ የሚቆራረጥ ነው። ውሃው ምንም ካልለወጠ ያኔ ኩሽኔታ እንጠረጥራለን።

ወደ ፍሬኑ። አቧራ ነው ያለሽ ሰው ጎማውን ካላወለቀ አላየም፣ ካላየ አያውቅም። ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ጨምቆ የሚያቆመው ነው። በብዙ የፊት ሸራዎች ላይ ትንሽ የታጠፈች የብረት ምላስ አለች። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ውፍረት አለው፣ እያለቀ ሄዶ 2 ወይ 3 ሚሊ ሲቀረው ይቺ ምላስ ዲስኩን እንድትነካ ተደርጋ ነው የተሰራችው፣ ስትነካው እየተንቀጠቀጠች ትጮኻለች፣ ፍሬን ስትይዢ ተጭና መንቀጥቀጧን ስለምታቆም ዝም ትላለች። ለቀቅ ስታደርጊው ትመለሳለች። የነገርሽን ነገር ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። በዲስኩና ከኋላው ባለው ቆርቆሮ መሃል ጠጠር ቢገባም ይጮኻል፣ ኮረኮንች መንገድ ከሄድሽ ይሄ ያጋጥማል፣ እሱ ግን ፍሬን መያዝሽን ብዙም አይሰማም፣ ቆርቆሮውን በካቻቪቴ ገፋ አድርጎ ማውጣት ነው።

ልጆች ይዤ ነው ስላልሽ ፍሬኑ ይቅደም። ቺንጋው ቢበጠስ የባትሪ መብራት ይበራል፣ የውሃ ፓምፑም ስለሚቆም ሙቀት ይጨምራል፣ ዳር ይዘሽ ማጥፋት ነው። ፍሬን ግን ዳር የመያዝ ዕድል አይሰጥም። ድምፁ ከቀጭን ሲጢጥታ ወደ ግግግ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ አይነት ከተለወጠ ያቺን ቀን አትንጂው። ጎማውን አስወልቂና የውስጡም የውጩም ሸራ ስንት ሚሊ እንደቀረው ንገሪኝ፣ ሁለቱንም፣ የውጩን ብቻ አይደለም።

ባለ ዶልፊኑ፦

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው እኔ በፍሬኑ ላይ ትንሽ ልጨምር። የምሰራው ጎንደር ደባርቅ ነው፣ መንገዱ ሲፈቅድ ሊማሊሞንም ወርጃለሁ፣ እና ከከተማ ወደ አዘዞ ያለው መውረድ ለሰው ትንሽ ይመስለዋል ግን በየቀኑ እግርን ፔዳል ላይ አስቀምጦ ሲወረድ ሸራውን ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለ ሸራ ፊቱ ይደርቅና ማብለጭለጭ ይጀምራል ከዛ ዲስኩን አጥብቆ መያዝ ትቶ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይጮኻል፣ ይሄኛው ከአንቺ የተለየ ነው፣ ስትይዢ ነው የሚመጣው በተለይ ልትቆሚ ስትይ መጨረሻ ላይ። እህቴ አንቺ ሸራ ብትቀይሪም አነዳድሽን ካልቀየርሽ አዲሱም እዛው ይሄዳል ብዬ ነው የምጽፈው።

ኦቶማቲክ ነው ብለሻል፣ ዲ ላይ ትተሽ አትውረጂ። 2 ላይ አድርጊው፣ በጣም ቁልቁል ከሆነ ኤል፣ ፍጥነቱን መጀመሪያ ቀንሰሽ። ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል፣ ድምፁ ከፍ ቢል አትደንግጪ ቀይ መስመር እስካልደረሰ ምንም አይሆንም፣ ነዳጅ ይበላል የሚሉም አሉ፣ ስትወርጂ እግርሽን ከነዳጅ ካነሳሽ አይበላም። ፍሬኑን ደግሞ ያዝ አድርገሽ ፍጥነቱን ቀንሺና ሙሉ ለሙሉ ልቀቂው፣ እየነኩ መዋል ነው የሚያግለው። ሊማሊሞ ጣልያን በአለት መሃል የሰራው መንገድ ነው፣ ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ኩርባው አያልቅም፣ እዛ ላይ ከፊትህ የሚሄደው መኪና በማርሽ እየወረደ ይሁን በፍሬን ከሽታው ታውቀዋለህ፣ መስኮት ከፍቼ ስነዳ ያ ሽታ ከመጣ ርቀቴን እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም ሸራ ብቻ አይደለም የሚግለው የፍሬን ዘይቱም ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ግን ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ ስለሚሄድ ሲያረጅ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ስለዚህ ሸራ ስትቀይሪ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቂ፣ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር።

ደግሞ በክረምት ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ላይ ሽርርር የሚል ካለ እሱ ሌሊት ዝናቡ ዲስኩ ላይ ያመጣው ስስ ዝገት ነው፣ ራሱ ይጠረጋል። በዚህ ብቻ ሸራ ያስቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

ቀበሌ 18፦

ጋሼ ይቅርታ ያርጉልኝና እኔ ዲናሞው ነጻ ነው ብዬ አልደመድምም። የኔ ዲኤክስ መኪና እንዲሁ ጠዋት ጠዋት ይጮህ ነበር፣ ቺንጋ ተቀየረ፣ ደግመን አጠበቅን፣ አልተወም፣ መጨረሻ ላይ የዲናሞው ኩሽኔታ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልጁ የተናገረው ሙሉ በሙሉ ስህተት ላይሆን ይችላል። ለፍሬኑ ደግሞ ጎማውን አውልቆ በኮምፕሬሰር ንፍት አድርጎ፣ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት አሸት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ እሱን ሞክሪ መጀመሪያ

ጋሽ ካቻቪቴ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ የዲናሞ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ የውሃ ፓምፕም ይጮኻል፣ ማንም አይጮኽም አላለም። ግን ጠባያቸው ይለያል። የኩሽኔታ ድምፅ ሻካራ ነው፣ ያጉረመርማል፣ ሲሞቅም አይተውም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይብስበታል። የእህታችን ሲሞቅ ይጠፋል። ቢሆንም በግምት አንሂድ፣ ቺንጋው ሲወልቅ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ማዞር ነው፣ ደህናው ለስለስ ብሎ ይዞራል፣ የሄደው ከውስጥ አሸዋ ያለበት ይመስል ይንኳኳል ወይ ወዲህ ወዲያ ይላል። ያለቺንጋ ሞተሩን ለአፍታ ማስነሳትም ይቻላል፣ ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ፣ የውሃ ፓምፑ አይዞርማ። ያኔ ድምፁ ከጠፋ ከቺንጋው ወይ እሱ ከሚያዞራቸው ዕቃዎች ነው፣ ካልጠፋ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ዲናሞው ኤሌክትሪክ እየሰጠ መሆኑን ደግሞ ቴስተር ይናገራል። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ ስትለካው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ እየሞላ ነው። እየሞላ ኩሽኔታው ብቻ ከጮኸ ደግሞ ኩሽኔታው ተገዝቶ ይቀየራል፣ ሙሉ ዲናሞ ማስገዛት ምን አመጣው።

ኮምፕሬሰሩን ግን እባካችሁ ተዉት። የድሮ ሸራና አንዳንዱ ርካሽ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ካንሰር ያመጣል፣ የሚያመጣውም ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ሰው ከምን እንደመጣ እንኳ አያውቀውም። ጋራዥ ውስጥ የሚሰሩ ልጆች በየቀኑ ነው የሚተነፍሱት። ውሃ አርከፍክፎ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁን መጣል፣ በቃ። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ደግሞ ገና ወፍራም ለሆነ ፊቱ ብቻ ለደረቀ ሸራ ነው ትንሽ የሚጠቅመው፣ ያለቀ ሸራ ቢታሽ የቀረችውንም ትጨርሻታለሽ።

መለዋወጫ በአራዳ፦

ዕቃ የምትገዙ ሰዎች ትንሽ ምክር። ሱቅ መጥታችሁ "የቪትዝ ቺንጋ" ብቻ አትበሉ፣ ቪትዝ አንድ አይነት አይደለም፣ ሞተሩ ይለያያል፣ ኤሲ ያለውና የሌለው ይለያያል። አሮጌውን ይዛችሁ ኑ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 4ፒኬ ብሎ ከጀመረ አራት ጥርስ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ርዝመቱ ነው በሚሊሜትር። ቁጥሩ ከጠፋ ጥርሱን ቁጠሩ ከአዲሱ ጋር አስጠግታችሁ ለኩ። ትንሽ ያጠረ ወይ የረዘመ ቺንጋ "ይሰራል ግዴለም" ተብሎ ሲገባ ማጥበቂያው መጨረሻው ላይ ይደርስና እንደገና መጮህ ነው።

ሸራ ላይ ደግሞ በጣም ርካሹን የሚገዛ ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው እየጮኸ ነው። ብረት የበዛበት ሸራ ሙቀት ይችላል ግን ድምፅ ያበዛል፣ ዲስክም ይበላል። የቶዮታ ካርቶን ስላለው ኦርጅናል ነው ማለት አይደለም፣ ካርቶኑን ብቻ አስመስሎ የሚያሳትም አለ፣ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ጠርዝ ያይ፣ ክፍተት ካለው ወይ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ አይውሰደው። ጎንደር ካጡት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ ማስመጣት ይቻላል፣ ያኔም ቢሆን የአሮጌውን ፎቶ ከሁለቱም በኩል አንስታችሁ ላኩ፣ ያላያችሁትን ዕቃ መመለስ ከባድ ነው።

የአዘዞዋ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንዳሉኝ አደረግኩ። ጠዋት እየጮኸ ውሃ ስረጭበት ጭራሽ ባሰበት፣ ጆሮ አያሰማም ነበር። ሲቀዘቅዝ በጣቴ ስጫነው ደግሞ ብዙ ነው የሚገባው፣ ጥርሱ በኩል ያብለጨልጫል፣ ሳሙናው ከአቧራው ጋር ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ ተጋግሯል። የጎረቤት ልጅ ቴስተር ነበረውና ለካነው፣ ሲሞቅ 14.1 ነው። ስለዚህ ዲናሞው ደህና ነው አይደል?

ጎማውን ወንድሜ አወለቀልኝ። ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ድንጋይ አድርገን። በግራ በኩል የውጩ ሸራ ገና ነው ወደ 6 ሚሊ አለው፣ የውስጡን ለማየት ግን ከስር አጎንብሶ በስልክ መብራት ነው ያየው፣ ሁለት ሚሊም አይሞላም፣ ያሉት የብረት ምላስ ጫፏ ተልጦ ያብረቀርቃል፣ ዲስኩም በዛ በኩል ስስ ክብ መስመር አውጥቷል። ቀኝ በኩል ግን ሁለቱም እኩል ናቸው ወደ 5 ሚሊ። ለምንድነው የግራ የውስጡ ብቻ ያለቀው? አንዱን ሸራ ብቻ ገዝቼ ልቀይረው ወይስ አራቱም ይቀየሩ? ልጆቹን ከዛሬ ጀምሮ በባጃጅ ነው የምልካቸው

ጋሽ ካቻቪቴ፦

ልጆቹን በባጃጅ መላክሽ ደግ አደረግሽ። ዲናሞው ደህና ነው፣ ለሱ አንድ ብር አታውጪ።

አሁን ጥያቄሽ ዋናው ጥያቄ ነው፣ ለምን አንዱ ብቻ አለቀ የሚለው። ሸራ ቀይሮ ይሄን ሳይመልስ የሚሰድሽ መካኒክ ከትንሽ ጊዜ በኋላ መልሶ ያስመጣሻል። የቪትዝ ፊት ፍሬን ፒስቶኑ በውስጥ በኩል ብቻ ነው ያለው። ፒስቶኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ ከዛ ሁለቱን ሸራ ያቀፈው ካሊፐር ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጩን ይጎትታል። ፒኖቹ አቧራና ዝገት ይዟቸው ከደረቁ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ የውስጡ ብቻ ስራውን ሁሉ ይሸከማል፣ ለቀቅ ስታደርጊም ከዲስኩ አይርቅም። የፒኑ የጎማ ሽፋን ከተቀደደ ደግሞ አቧራ የሚገባው በዛ ነው። ስለዚህ መካኒኩን ሸራ ቀይርልኝ ብቻ አትበዪው፣ ፒኖቹን አውጥተህ አሳየኝ በዪው። በእጅ ሲገፉ ሲጎተቱ ያለችግር መንሸራተት አለባቸው። በጨርቅ ተጠርገው፣ ዝገት ካላቸው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርገው፣ ለፍሬን በተሰራ ሙቀት በሚችል ግሪስ ተቀብተው ይገባሉ። ተራው ግሪስ አይሆንም፣ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ሽፋኑ ከተቀደደ ይቀየር። ፒኖቹ ደህና ሆነው ፒስቶኑ ራሱ ወደ ውስጥ አልመለስ ካለ ግን ነገሩ የካሊፐሩ ነው፣ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) ተቀይሮ ይታደሳል።

ሸራው አራቱም በአንድ ጊዜ ይቀየር፣ ቀኝና ግራ። አንዱ ጎን አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን መኪናው ፍሬን ስትይዢ ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ በዚህ በክረምት አስፋልት ላይ መሳብ አያስፈልግሽም። ከሸራው ጀርባ የምትቀመጥ ስስ ቆርቆሮ አለች፣ ንዝረቱን ውጣ ድምፅ የምታጠፋው እሷ ናት፣ ብዙ ልጆች "ምንም አትሰራም" ብለው ይጥሏታል ከዛ አዲሱ ሸራ ይጮኻል፣ እንዳያስጥሉሽ። ዲስኩ ላይ ያለው መስመር ጥፍርሽን ካልያዘው ችግር የለውም፣ ከያዘው ውፍረቱ ይለካ፣ ዝቅተኛው ልክ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፣ ከዛ በታች ከሆነ አይላጭም ይቀየራል። ካሊፐሩ ሲወልቅ በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ በሽቦ ይታሰር። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል፣ ቀለም ይልጣል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ።

ከሁሉም በላይ ስራው አልቆ ሞተር ሳትነኪ ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪው፣ እስኪጠነክር። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፣ ይሄን ረስቶ ከጋራዥ በር ወጥቶ የተጋጨ ሰው አለ።

ከዛ አዲሱን ሸራ ማላመድ አለብሽ። እሁድ በጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ሜዳው ላይ እስከ 50 ድረስ ሂጂና ሳትቆሚ ቀስ ብለሽ ወደ 10 አውርጂው፣ ትንሽ ነድተሽ አቀዝቅዥው፣ ደግሚው፣ አስር ጊዜ ያህል። በመሃል ሙሉ ለሙሉ ቆመሽ ፔዳሉን ረግጠሽ አትቆዪ፣ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ያትምና ኋላ ይንቀጠቀጣል።

ቺንጋውን በተመለከተ ይቀየር፣ ሳሙና የጠጣ ነው። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ፑሊዎቹ ላይ ያለው ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። በዚህ ሞተር ላይ የሚወጠረው ዲናሞውን በሚያስጠጋው ብሎን ነው፣ ጸጥ እንዲል ብሎ ከልክ በላይ የሚወጥር አለ፣ ያኔ እውነተኛው የዲናሞ ኩሽኔታ ችግር ይመጣል፣ የውሃ ፓምፑም አብሮ። አንድ ሳንቲዋ ትበቃለች። አዲስ ቺንጋ ትንሽ ከሰራ በኋላ ስለሚላላ በሳምንቱ አንዴ ይታይ።

ፍሬኑ ነገ ይሰራ፣ ቺንጋው እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ይቆይ።

የአዘዞዋ፦

እሺ ጋሼ ነገ ጠዋት ወስጄው አጠገቡ ቆሜ ነው የማሰራው። ዘይቱንም ላስቀይረው ነው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም፣ የኔ ዶት ስንት ነው? ልጁ ያለውን ዝም ብሎ እንዳይጨምርበት ብዬ ነው

ጋሽ ካቻቪቴ፦

የፍሬን ዘይት ዕቃው ክዳን ላይ ተጽፏል፣ አንብቢው። ዶት 3 ካለ ዶት 4 ብታስገቢም ይሆናል፣ ዶት 5 ግን በፍጹም፣ እሱ ሲሊኮን ነው ከነዚህ ጋር አይስማማም። የታሸገ ጠርሙስ ፊትሽ ይከፈት፣ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት እርጥበት ጠጥቷል። አየሩም ከአራቱም ጎማ ይውጣ፣ ከፍሬን ዘይት ዕቃው በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሮ።